ዊልያም ኒላንደር፦ ላይከንን የመለየት ሙያና ያልተሻገረው ድንበር

መግቢያ

በለስላሳ የዛፍ ቅርፊት ላይ አንዳንድ ጊዜ ነጣ ካለ እድፍ የማይለይ ነገር ይታያል። በላዩም በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ተበትነውበታል። ነገሩ ከቅርፊቱ ጋር እጅግ የተዋሐደ በመሆኑ ቅርፊቱን አብሮ ሳይቆርጡ ናሙና መውሰድ አይቻልም። የላይከን ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን አካል ልጥፍ ይሉታል። ልጥፉ ላይከን ማለትም ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል ሊሆን ይችላል፤ የላይከኖች ዘመድ ሆኖ ሳለ ያለ አልጌ የሚኖር ፈንገስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። አርቶኒያ፣ አርቶፒሬኒያና ሚኮፖረም በተባሉት ወገኖች ውስጥ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች በብዛት ይገኛሉ። የፈንገስ ተመራማሪው የላይከን ተመራማሪ ሥራ ናቸው ብሎ ሲተዋቸው፣ የላይከን ተመራማሪው ደግሞ ላይከን አይደሉም ብሎ ስለሚያልፋቸው፣ ከሁለቱም መዝገብ የሚጎድሉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ዝርያ ብርቅ ነው ሲባል፣ በእውነት ቁጥሩ አንሶ ነው ወይስ የሚያውቀው ሰው አንሶ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አብሮት ይነሣል።

ዛሬ እንዲህ ያለ ናሙና ያገኘ ተመራማሪ የሚከተላቸው ደረጃዎች የታወቁ ናቸው። ስስ ቁራጭ ይቆርጣል፤ ስፖሮቹን በማይክሮስኮፕ ይለካል፤ አዮዲን ያንጠባጥባል፤ የኬሚካል ጠብታ አኑሮ የቀለም ለውጥ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም በሄርባሪየም ከተቀመጠው መነሻ ናሙና ጋር ያመሳክራል። እነዚህ ልማዶች የላይከን ጥናት መደበኛ ሥርዓት እንዲሆኑ ከማንም የበለጠ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዱ ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው። ይሁንና ይህ ሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ላይከኖችን መርምሮ ስም ሲሰጥ ቆይቶ፣ ላይከን ምን እንደሆነ የተደረሰበትን ትልቁን ግኝት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኒላንደርን ሕይወት በመከተል አንድ ነጥብ ማስረዳት ነው። አንድን ፍጥረት በትክክል መለየትና የፍጥረቱን ምንነት መረዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ በሚገባ ከተሠራ የሁለተኛው ስሕተት አያፈርሰውም፤ ይሁን እንጂ ስሕተቱ ያለ ዋጋ አይቀርም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኡሉ እስከ ሄልሲንኪ

ኒላንደር በ1822 ጥር 3 ቀን በሰሜናዊቷ የፊንላንድ የወደብ ከተማ በኡሉ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ፊንላንድ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር የምትተዳደር ታላቅ መስፍናዊ ግዛት ነበረች። በ1820 የተወለደው ታላቅ ወንድሙ ፍሬድሪክም ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ሆኗል። ዊልያም በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1847 በሐኪምነት ቢመረቅም፣ ልቡን የሳበው የተፈጥሮ ምርምር ነበር።

መጀመሪያ የተጠመደው በጉንዳኖች ጥናት ነው። በ1846 ስለ ሰሜን አውሮፓ ጉንዳኖች ባሳተመው ሥራ የገለጻቸው አንዳንድ ዝርያዎች ዛሬም እርሱ ባወጣላቸው ስም ይጠራሉ፤ ሚርሚካ ሩጊኖዲስና ፎርሚካ ኤክሴክታ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ የወጣትነት ሥራ በኋላ ለሚከተለው ሙያ ልምምድ ሆኖታል ማለት ይቻላል። ጉንዳንን ከጉንዳን የሚለየው የሰውነት ጠጉር፣ የወገብ ቅርጽና የጭንቅላት ስንጥቅ ነው። በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ልዩነት ላይ ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው ከጉንዳን ወደ ላይከን ሲዛወር የሚያጠናው ነገር እንጂ የአሠራር ልማዱ አይለወጥም።

ወደ ላይከኖች ፊቱን ሙሉ በሙሉ ያዞረው በ1850ዎቹ ነው። በእነዚህ ዓመታት በፓሪስ የነበሩትን ታላላቅ የናሙና ስብስቦች የመመርመር ዕድል አገኘ። በ1857 ስለ ፈረንሳይና ስለ አልጄሪያ ላይከኖች ሰፊ ሥራ አሳተመ። በዚያው ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የዕፅዋት ጥናት ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ከ1858 ጀምሮ ሲኖፕሲስ ሜቶዲካ ሊኬኑም የተባለውን፣ የዓለምን ላይከኖች ሁሉ በአንድ ሥርዓት ለማቅረብ ያለመ መጽሐፉን በክፍል በክፍል ማውጣት ጀመረ። መጽሐፉ ሳይጠናቀቅ ቢቀርም ለዘመኑ ተመራማሪዎች ዋና መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። በ1861 ደግሞ የስካንዲኔቪያን ላይከኖች የሚመለከተውን ሥራውን አሳተመ።

በዘመኑ በላይከን ተመራማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ነበር። በኢጣሊያ እነ ማሳሎንጎና እነ ደ ኖታሪስ፣ በሲሌዢያ ደግሞ ኮርበር የስፖሮችን ቅርጽና የክፍልፋዮቻቸውን ብዛት መሠረት አድርገው በርካታ አዳዲስ ወገኖችን ይመሠርቱ ነበር። ኒላንደር ወገኖችን በዚህ መጠን መከፋፈሉን ተቃወመ። ስፖርን ግን አልናቀም። እንዲያውም በገለጻዎቹ ውስጥ የስፖሩን ርዝመትና ስፋት በሚሊሜትር ክፍልፋይ አዘውትሮ ይጽፍ ነበር። በዛሬው ማይክሮሜትር ቢሰላ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥሮች የማይበልጥ ልኬት ነው፤ ነገር ግን በቁጥር የተጻፈ በመሆኑ በሌላ ዘመን የሚመጣ ሌላ ሰው ዳግመኛ ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ትንሽ ወይም ሞላላ የሚለው ቃል ይህን ዕድል አይሰጥም።

የጠብታው ምስክርነት

ኒላንደር በ1863 የሄልሲንኪን የፕሮፌሰርነት ወንበር ለቅቆ ወደ ፓሪስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቀሪ ሕይወቱን በሙሉ የኖረው በዚያ ነው። የማስተማር ግዴታ ስላልነበረበት ከማለዳ እስከ ማታ በማይክሮስኮፕና በናሙና መካከል ለመዋል ቻለ። ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግኝት የመጣውም ብዙ ሳይቆይ ነው።

አንዳንድ ላይከኖች በኬሚካል ሲነኩ ቀለም እንደሚሰጡ በቀለም ነጋዴዎችና በኬሚስቶች ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነበር። ሮቼላ ከተባለው የባሕር ዳርቻ ላይከን ሐምራዊ የልብስ ማቅለሚያ ይወጣ ነበር። ኒላንደር ያደረገው ይህን የፋብሪካ ዕውቀት ወደ ዝርያ መለያነት ማሸጋገር ነው። በ1866 ባወጣቸው ጽሑፎች ሁለት ፈሳሾችን አቀረበ፤ አንዱ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሁለተኛው በቤት ውስጥ ከምናውቀው በረኪና ጋር የሚመሳሰለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ከእነዚህ አንዱ በላይከኑ አካል ላይ ጠብ ሲደረግ ወይ ምንም አይታይም፣ ወይ በቅጽበት ቢጫ፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም ይፈነጥቃል። በመልክ የማይለያዩ ሁለት ላይከኖች በጠብታው ሊለያዩ ይችላሉ። የዛሬ መለያ መጻሕፍት ኬ እና ሲ በሚባሉት የላቲን ፊደላት ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት እያደረጉ የሚጽፉት መግለጫ የዚህ ሥራ ቀጥተኛ ወራሽ ነው።

ይህ ሐሳብ ወዲያው ሁለት ዓይነት ምላሽ አገኘ። በእንግሊዝ ሌይተን በታላቅ ደስታ ተቀብሎ ብዙ ላይከኖችን በጠብታ መፈተን ጀመረ። በስዊድን ቴዎዶር ፍሪስን የመሳሰሉ ሊቃውንት ግን በቀለም ለውጥ ብቻ ዝርያ መለየትን አጥብቀው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የአንድ ንጥረ ነገር መኖርና አለመኖር የዝርያ ድንበር ነው ወይስ በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታይ ልዩነት የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየዝርያው ተለይቶ የሚመረመር እንጂ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። የዘዴው ጠቀሜታ ግን በጊዜ ተረጋግጧል። ጃፓናዊው ያሱሂኮ አሳሂና በ1930ዎቹ ሌላ መፈተኛ ኬሚካል ጨመረበት፤ ኋላም በላይከን ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ አንጥሮ የመለየት ጥበብ ተስፋፋ።

ሦስተኛው መሣሪያ አዮዲን ነው። አዮዲን ለላይከን ጥናት አዲስ ባይሆንም ኒላንደር በሰፊው ሠርቶበታል፤ በ1865ም አዮዲን በላይከኖችና በፈንገሶች ላይ ስለሚያሳየው ለውጥ ጽፏል። ስፖሮቹ የሚፈጠሩበትን ክፍል በስሱ ቆርጦ አዮዲን ሲያክሉበት አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ቀይ ይሆናል፤ አንዳንዱም ሳይለወጥ ይቀራል። ኒላንደር ይህ ለውጥ ላይከንን ከፈንገስ ለመለየት እንደሚረዳ ያምን ነበር። ሆኖም ያለ አልጌ የሚኖሩ ብዙ ፈንገሶችም በአዮዲን ሰማያዊ ስለሚሆኑ፣ ለውጡ ዝርያንና ወገንን ለመለየት እንጂ ላይከንን ከፈንገስ ለመለየት አልበቃም። ይህ በኋላ ለሚመጣው ፈተና ትንሽ ምልክት ነበር።

የሉክሰምበርግ አትክልት ስፍራ

በዚያው በ1866 ኒላንደር በፓሪስ መካከል በሚገኘው በሉክሰምበርግ አትክልት ስፍራ ያሉትን ላይከኖች የሚዘረዝር ጽሑፍ አሳተመ። በዛፎች ቅርፊትና በሌሎች ነገሮች ላይ ያገኛቸውን ዝርያዎች አንድ በአንድ ከመዘገበ በኋላ፣ ከከተማዋ ብዙ ስፍራዎች ላይከን የጠፋ መሆኑንና በዚህ አትክልት ስፍራ ግን በአንጻሩ በርከት ብለው መኖራቸውን አመለከተ። ከዚህ ተነሥቶም ላይከኖች የአየርን ንጽሕና የሚለኩ ሕያው መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጸ። ላይከን ሥር ስለሌለው ውሃውንና ማዕድኑን በመላ አካሉ ከአየርና ከዝናብ ይቀበላል፤ ስለዚህ ከድንጋይ ከሰል ጭስ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በቀጥታ ይጎዳዋል። የዛሬው የአየር ብክለት ጥናት ላይከንን እንደ ጠቋሚ ሲጠቀም ከመነሻዎቹ አንዱ ይህ አጭር ዝርዝር ነው።

የዝርዝሩ ዋጋ የታወቀው ግን ከተጻፈ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ኒላንደር በ1896 ስለ ፓሪስና አካባቢዋ ላይከኖች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቀድሞ በአትክልት ስፍራው የመዘገባቸው ላይከኖች እንደ ጠፉ አስታወቀ። ከሞተ ከ90 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1991 ደግሞ የአየሩ ሁኔታ በመሻሻሉ ላይከኖች ወደዚያው ስፍራ መመለሳቸው በሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ። መጥፋቱም ሆነ መመለሱ ሊታወቅ የቻለው በ1866 የተጻፈው ዝርዝር ትክክለኛ ስሞችን የያዘ ስለነበር ነው። በአትክልት ስፍራው ብዙ ላይከን አለ ብሎ ብቻ አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ የትኛው እንደሄደና የትኛው እንደመጣ የሚያመሳክር አይገኝም ነበር። ዝርያን በስሙ መለየት የማንኛውም ጥበቃ ሥራ መጀመሪያ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያልተቀበለው ግኝት

ኒላንደር በዝናው ከፍታ ላይ ሳለ የላይከን ጥናትን ከሥሩ የሚያናውጥ ሐሳብ ከስዊዘርላንድ መጣ። በ1867 ሲሞን ሽቬንደነር ለአገሩ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ጉባኤ ላይከን አንድ ፍጥረት እንዳልሆነ አስረዳ። በእርሱ አባባል ላይከን የፈንገስና የአልጌ ጥምር ነው፤ ፈንገሱ ይዞ ያኖራል፣ አልጌው ይመግባል። ቀደም ብሎ ደ ባሪ ስለ አንዳንድ ዝልግልግ ላይከኖች ተመሳሳይ ግምት ሰንዝሮ ነበር፤ ሽቬንደነር ግን ሐሳቡን በላይከኖች ሁሉ ላይ ዘረጋው።

ኒላንደር ይህን ትምህርት በብርቱ ተቃወመ። በእርሱ እምነት በላይከን አካል ውስጥ የሚታዩት አረንጓዴ ሕዋሳት ከውጭ የመጡ አልጌዎች ሳይሆኑ ከላይከኑ ከራሱ ሕዋሳት የሚወለዱ ብልቶች ነበሩ። በተቃውሞው ብቻውን አልነበረም፤ ስኮትላንዳዊው ክሮምቢንና ሌሎችን ጨምሮ ታዋቂ የላይከን ሊቃውንት ከጎኑ ቆመው ነበር። የተቃውሞው ጥንካሬ ለመረዳት አያዳግትም። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ላይከን የተባለ ራሱን የቻለ የፍጥረት ክፍል መኖሩን በማሳየት ያሳለፉ ናቸው። ሽቬንደነር ትክክል ከሆነ፣ ያጠኑት ነገር ዘርፍ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ዘዴ ብቻ ይሆናል።

ማስረጃው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየተከማቸ ሄደ። በ1873 ኤድዋር ቦርኔ የፈንገሱ ክሮች የአልጌውን ሕዋሳት እንዴት አቅፈው እንደሚይዙ በብዙ ምሳሌ አሳየ። በ1877 ሽታል የፈንገስ ስፖሮችንና አልጌዎችን በማገናኘት ላይከን ሲፈጠር ተመለከተ። በ1889 ጋስቶን ቦንዬ ከሌላ ሕዋስ በተጠበቀ ብልቃጥ ውስጥ ይህንኑ ሙከራ በስፋት አከናወነ። ቦርኔም ሆነ ቦንዬ የሠሩት በፈረንሳይ ነው፤ ኒላንደርም ከእነርሱ ሩቅ አልነበረም። እርሱ ግን አቋሙን አልለወጠም።

በዚህ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ኒላንደር በጠብታው የሚፈትናቸው ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው የፈንገሱ ሥራ መሆናቸው በኋላ ታውቋል። ፈንገሱ ከአልጌው ተለይቶ በቤተ ሙከራ ሲያድግ ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹን ማምረት ይችላል። ስለዚህ ጠብታው ቀይ ሲሆን የሚመሰክረው ስለ ፈንገሱ ነው። በዛሬው የስያሜ ሕግም የላይከን ስም ለፈንገሱ የተሰጠ ስም እንደሆነ ይቆጠራል፤ አልጌው የራሱ ሌላ ስም አለው። ኒላንደር በሺዎች የሚቆጠሩ ላይከኖችን ሲሰይም፣ ሳይፈልገው የፈንገስ ስያሜ ባለሙያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። የሰጣቸው ብዙ ስሞች የጸኑት እርሱ በተቃወመው ትምህርት ሥር ነው።

ድንበርተኞቹ የቅርፊት ፈንገሶች

ስሕተቱ ዋጋ ያስከፈለው የት ላይ ነው ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በመግቢያው በተጠቀሱት ልጥፍ የቅርፊት ፈንገሶች ዘንድ ነው። ለእነዚህ ፍጥረታት ዋናው ጥያቄ አልጌ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ነው። ላይከን ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ግን ይህ ጥያቄ ከብዙ ምልክቶች አንዱ ብቻ ነው። ኒላንደር በ1855 ሚኮፖረም የተባለውን ወገን በሕትመት አስተዋወቀ፤ ስሙን ቀድሞ ያሰበው ፍሎቶው ነበር። ስሙ ራሱ ፈንገስ የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክኛ ቃል ይዟል። ወገኑ ግን በላይከኖች ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ ለብዙ ዘመን በላይከን መጻሕፍት ሲገለጽ ኖሯል። ዛሬ በርካታ የሚኮፖረም ዝርያዎች ያለ አልጌ እንደሚኖሩ ይታወቃል። በአርቶኒያ ወገን ውስጥም በእርግጥ ላይከን የሆኑና ያለ አልጌ የሚኖሩ ዝርያዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ለስላሳ ቅርፊት የሚወደው አርቶኒያ ፑንክቲፎርሚስ ከኋለኞቹ አንዱ ነው።

እንዲህ ያለውን ናሙና ለመለየት የኒላንደር መሣሪያዎች እስከ የት እንደሚያደርሱ ማየት ይጠቅማል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ሃይፖክሎራይት ነጣ ባለው እድፍ ላይ ሲንጠባጠብ ብዙውን ጊዜ ምንም ለውጥ አይታይም። ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚገኘው በደንብ በተገነባ የላይከን አካል ውስጥ ነው፤ የእነዚህ ፈንገሶች አካል ግን በቅርፊቱ ሕዋሳት መካከል የተሰወረ ጥቂት ክር ብቻ ነው። ስለዚህ ዝነኛው ጠብታ በድንበሩ ላይ ዝም ይላል። ተመራማሪው ጥቁሩን ነጥብ በምላጭ በስሱ ቆርጦ በውሃ ጠብታ ውስጥ ወደ ማይክሮስኮፕ መውሰድ ይኖርበታል። በዚያ የሚመለከታቸው ነገሮች የተወሰኑ ናቸው፤ ስፖሮቹ ያሉባቸው ከረጢቶች ግድግዳ አንድ ድርብ ነው ወይስ ሁለት፣ በከረጢቶቹ መካከል ክሮች አሉ ወይስ የሉም፣ ስፖሩ በአንድ ግድግዳ ብቻ የተከፈለ ነው ወይስ እንደ ግንብ ጡብ በርዝመትም በወርድም የተከፋፈለ፣ ልኬቱስ ስንት ነው። ከዚያም አዮዲን ይጨምራል። በአርቶኒያ ከረጢት ጫፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ ጥቃቅን ሰማያዊ ቀለበት ይታያል።

በመጨረሻ አልጌውን ይፈልጋል። በቅርፊት ላይ በሚኖሩ ልጥፍ ላይከኖች ዘንድ ከሚዘወተሩት አልጌዎች አንዱ ትሬንቴፖልያ ነው። ይህ አልጌ ሕዋሳቱ ብርቱካናማ ዘይት ስለሚይዙ ከቅርፊቱ ሥር በቢጫ ብርቱካናማ ሰንሰለት ይታወቃል። ነገር ግን አልጌ በአጠገቡ መገኘቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ ትሬንቴፖልያ ብቻውንም በቅርፊት ላይ ይበቅላል። የፈንገሱ ክሮች አልጌውን መያዛቸው መታየት አለበት። ይህ ማለት ቦርኔ በ1873 ያሳየውን ግንኙነት በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ዳግመኛ መፈለግ ነው። የኒላንደር ሦስት መሣሪያዎች ካበቁበት ላይ የሚቀጥለው እርሱ ያልተቀበለው ጥያቄ ነው።

ተፈጥሮ ራሷ ድንበሩን በቀጭን መስመር አላሰመረችውም። በ2004 የታተመ አንድ የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ በስቲክቲስና በኮኖትሬማ ስም በተለያዩ ወገኖች ይመደቡ የነበሩ ፈንገሶችን መርምሮ፣ አንድ ዓይነት ዝርያ በዛፍ ቅርፊት ላይ ከአልጌ ጋር እንደ ላይከን፣ በተራቆተ እንጨት ላይ ደግሞ ያለ አልጌ የሞተውን እንጨት እየበላ ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ከሽቬንደነር ትምህርት እንኳ አልፎ የሚሄድ ነው። ላይከንነት ለአንዳንዱ ፈንገስ የዘር ዕጣ ሳይሆን እንደ ሁኔታው የሚመረጥ ኑሮ ነው። ኒላንደር ሊጠብቀው የፈለገው ድንበር እርሱ ባሰበበት ስፍራ አልነበረም።

የብቸኝነት ዓመታት

የኒላንደር የመጨረሻ አሥርተ ዓመታት በሥራ የበዙ፣ በወዳጅ ግን ያነሱ ነበሩ። ትዳር አልያዘም። ብዕሩ የሰላ ስለነበር ከእርሱ የተለየ አስተያየት ያቀረቡ ሰዎችን በሕትመት ይነቅፍ ነበር፤ ከብዙ የዘመኑ ሊቃውንትም ጋር ተቀያየመ። ሁሉም ግን አልራቁትም። የቀድሞ ተማሪው ኖርሊን ከእርሱ ጋር በመሆን ከ1875 ጀምሮ የፊንላንድ ላይከኖችን ናሙና አዘጋጅቶ አሰራጨ። በፓሪስም ካህኑ አውጉስት ዩ የእርሱን መንገድ ተከትለው፣ ኒላንደር በየጊዜው በመጽሔት ያወጣቸውን አዳዲስ የአውሮፓ ላይከኖች አሰባስበው በአንድ ላይ አሳተሙ።

ኒላንደር በ1899 መጋቢት 29 ቀን በፓሪስ አረፈ። 50,000 ያህል ናሙናዎችን የያዘው ስብስቡ ወደ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛል። ከአገሩ የወጣው ሰው ሳይመለስ ቢቀርም ሥራው ተመልሷል። በየወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ያለችው የቅርፊት ቁራጭ፣ ኒላንደር ያንን ስም ሲሰጥ በዓይኑ ያያት ናት። ስለ ስሙ ክርክር በተነሣ ቁጥር ተመራማሪዎች ወደ እርሷ ይሄዳሉ። በአጭር የላቲን ገለጻ ውስጥ ያልተጻፈውን፣ በዘመኑ ያልተጠየቀውንም ጥያቄ ናሙናዋ ልትመልስ ትችላለች። አልጌ አላት ወይስ የላትም የሚለው ኒላንደር እንደ ዋና ነገር ያልቆጠረው ጥያቄ ዛሬም ከእርሱ ከራሱ ናሙና ላይ ሊመረመር ይችላል።

ማጠቃለያ

የኒላንደር ሕይወት ለሁለት ዓይነት ፍርድ የተጋለጠ ነው። አንዱ በታሪክ ፊት የተሸነፈ ግትር ሊቅ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው ስሕተቱን ሸፋፍኖ የጠብታውን አባት ብቻ ያወድሳል። ሁለቱም ፍርዶች ጎደሎ ናቸው። ሰውየው ስለ ላይከን ምንነት ተሳስቷል፤ ስሕተቱም በድንበር ላይ የሚኖሩት ፈንገሶች ተገቢው ጥያቄ ሳይቀርብባቸው እንዲቆዩ የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ይሁን እንጂ ልኬቱን በቁጥር ስለጻፈ፣ የጠብታውን ውጤት ስለመዘገበ፣ የተመለከተበትን ስፍራ ስለጠቀሰ፣ ከሁሉም በላይ ናሙናውን ስላስቀመጠ፣ ሥራው ከእምነቱ ተለይቶ ሊፈተሽና ሊታረም ችሏል። የሉክሰምበርግ አትክልት ስፍራ ዝርዝርም ከ100 ዓመት በላይ ያገለገለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላልና ከባድ ነው። በጥድ ወይም በወይራ ቅርፊት ላይ ያገኘውን አንድ እድፍ የሚመረምር ተማሪ ስሙን በትክክል ላያገኝ ይችላል፤ የያዘው ንድፈ ሐሳብም ከዘመን ጋር ሊያልፍ ይችላል። በእጁ ያለው ነገር ግን አለ፤ የስፖሩን ልኬት፣ የአዮዲኑን ውጤት፣ አልጌውን ፈልጎ ያገኘበትን ወይም ያጣበትን ቁራጭ፣ ናሙናው የተወሰደበትን ዛፍና ቀን መዝግቦ ናሙናውን በሕዝባዊ ስብስብ ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል። ብርቅ የተባለው ፈንገስ በእርግጥ ብርቅ መሆኑን፣ ወይም ተመልካች ያጣ ብቻ መሆኑን ሊወስን የሚችለው ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ነው፤ ያም ሰው የሚነሣው ከዚህ መዝገብ ነው።